ፖርትስማውዝ ዋንጫ አንስቶ በ5 ዓመት ውስጥ አራተኛ ሊግ የወረደው እንዴት ነው?

ካኑ 25

ሰላም የኳስ ቤተሰብ። ሰሞኑን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። አጥቂውን ካኑን የወደድኩትም በአርሰናል ማልያ ነው፤ በኋላ ለፖርትስማውዝ ተጫወተ። ለዚህ ነው በ2008 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ፖርትስማውዝ ካርዲፍን 1 ለ 0 ሲያሸንፍ እንደ ራሴ ቡድን የጨፈርኩት። 37ኛው ደቂቃ ላይ የተሻማችው ኳስ ከበረኛው እጅ አመለጠች። ካኑ እዚያው ነበር። በዚያ ረጅም እግሩ ነካ አደረጋት፣ ገባች።

ከዚያ በኋላ ቡድኑን ዘነጋሁት። በቀደም ስሙን አይቼ ሳነብ ግን ደነገጥኩ። በ2013 አራተኛው ሊግ ውስጥ ነው! ዋንጫ ካነሳ ገና 5 ዓመቱ። ደግሞ «ደጋፊዎቹ ገዙት» ይላል። ደጋፊ ክለብ የሚገዛው እንዴት ሆኖ ነው? እዚያ ታች ወርዶም በየጨዋታው ከ15 ሺህ ሰው በላይ ይገባ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ታሪኩን ከሥሩ የሚያውቅ ሰው ካለ ያስረዳኝ። እንዳይምታታብኝ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጻፉልኝ።

ቢጫ ካርድ

አጭሩ መልስ ገንዘብ ነው። በ2008 የነበረው ቡድን ደሞዙ የትልቅ ክለብ ነበር፣ ሜዳው ግን 20 ሺህ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ወጪውን የሚሸፍነው ባለቤቱ ነበር። ባለቤቱ እጁን ሲሰበስብ የቀረው ዕዳ ብቻ ሆነ።

በ2009/10 በአንድ የውድድር ዓመት አራት ባለቤት ተፈራረቀበት። ፌብሩዋሪ 2010 ላይ ኪሳራ የገጠመውን ድርጅት የሚረከብ አስተዳዳሪ ተሾመበት። በፕሪሚየር ሊግ እያለ እዚህ የደረሰ የመጀመሪያው ክለብ እሱ ነው። 9 ነጥብ ተቀነሰበት፣ ወረደ። በ2012 ያው ነገር ተደገመ፣ 10 ነጥብ ሄደ፣ ወረደ። በ2013 ሌላ 10 ነጥብ፣ እንደገና ወረደ። ነገሩ ይኸው ነው።

የደሴቲቱ ሰው

ወንድሜ ካኑ 25፣ እኔ የምኖረው እዚያው ፖርትስማውዝ ነው። ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ። ቤቴ ከሜዳው በእግር 10 ደቂቃ ነው። ቢጫ ካርድ የጻፈው በሙሉ ልክ ነው። ግን ከገንዘቡ ከጀመርክ የአወዳደቁን እንጂ የአነሳሱን ነገር አታገኘውም። እኔ ከመርከቡ ልጀምርልህ።

ከተማዋ ደሴት ላይ ናት። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ዋና ቤት ናት። ለብዙ ትውልድ የዚህ ከተማ ወንድ ወይ መርከበኛ ነበር፣ ወይ መርከብ ሠሪ ነበር፣ ወይ ለእነሱ ቢራ የሚጠምቅ ነበር። ክለቡን በ1898 ያቋቋሙት የከተማው ነጋዴዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሊቀመንበር ጆን ብሪክዉድ የቢራ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ለሜዳ የሚሆን መሬት በ4,950 ፓውንድ ገዙ። ያ መሬት ዛሬም ፍራተን ፓርክ ነው። ከ1899 ጀምሮ ሌላ ሜዳ አያውቁም። ይህን ያዝልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ክለቡ ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ አባታቸው መርከብ ማደሻው ውስጥ ብረት በያጅ ነበሩ። እኔ ከተማዋን ሳላውቅ፣ ቋንቋውም ገና ሲያስቸግረኝ፣ በአጥሩ ላይ ሰላም ያሉኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ቃላቸው «ኳስ ትወዳለህ?» ነበር።

በ1949 የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ፌብሩዋሪ 26 ፖርትስማውዝ በኤፍኤ ካፕ ከደርቢ ጋር ሲጫወት ፍራተን ፓርክ 51,385 ሰው ገባ። እስከ ዛሬ ያልተሰበረ የሜዳው ሪከርድ ነው። አባታቸው ይዘዋቸው ሄዱ። ሰዉ ተጨናንቆ ልጁ ምንም ማየት አልቻለም። አባትየው አንስተው ከፊት ለቆመው ሰው አቀበሉት፣ ያ ሰው ለሚቀጥለው፣ እንዲህ እየተቀባበሉ ከሰው ራስ በላይ እስከ ሜዳው ጠርዝ አደረሱት። «የማላውቀው ሰው ሁሉ እጅ ነክቶኛል» ይላሉ። ይህን ሲነግሩኝ ሁልጊዜ መዳፋቸውን ወደ ላይ ይዘረጋሉ፣ ልክ አሁንም ልጅ የሚያቀብሉ ይመስል።

በዚያው ዓመት ክለቡ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። በተመሠረተ በ50ኛ ዓመቱ። በ1950 ደገመው። በመጨረሻው ቀን አስቶን ቪላን 5 ለ 1 አሸንፎ፣ ከዎልቭስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ፣ በጎል ተሽሎ። የዚያን ጊዜ ቡድን ልብ ጂሚ ዲኪንሰን ይባላል። ግራ አማካይ ነው። ለአንድ ክለብ 764 የሊግ ጨዋታ ተጫወተ፣ አንድ ጊዜ እንኳን በዳኛ አልተቀጣም። የመጨረሻውን ጨዋታ ያደረገው 40 ዓመት በሞላው ቀን ነው፣ በ1965። ክለቡ በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወርዶ፣ ከዚያም በታች ላለመውረድ እየታገለ ነበር። እሱ ግን የትም አልሄደም። ጎረቤቴ ስለ ካኑ ሳወራ በደስታ ይሰማሉ፣ ስለ ዲኪንሰን ሲያወሩ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ያ ሁሉ ሰው ከየት መጣ? ወደቡ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ከተማዋ በመርከበኛና በሠራተኛ ሞልታ ነበር። የተጫዋች ደሞዝ ደግሞ በዚያ ዘመን ጣሪያ ነበረው፣ ከዚያ በላይ መክፈል አይቻልም። ስለዚህ የወደብ ከተማ ክለብ ከለንደንና ከማንቸስተር ክለቦች ጋር እኩል መቆም ይችል ነበር። በ1961 ጣሪያው ሲነሳ ኮከቦቹ ወደ ትልልቆቹ ሄዱ። የባሕር ኃይሉም እየቀነሰ መጣ። ፖርትስማውዝ በ1959 ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወርዶ ነበር፣ ለረጅም ጊዜም ሳይቀና ቆየ። በ1978 አራተኛ ዲቪዚዮን ገብቷል። እንግዲህ የ2013ቱ የመጀመሪያው አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደ አንተ ዘመን። በ2003 ሃሪ ሬድናፕ ፕሪሚየር ሊግ አስገባው። የ2008ን ዋንጫ እንደ ዕድል የሚያዩ አሉ፣ እኔ አልስማማም። ሩብ ፍጻሜ ላይ ማንቸስተር ዩናይትድን በሜዳው ኦልድ ትራፎርድ ነው ያሸነፉት። ቫንደርሳር ተጎዳ፣ ተቀይሮ የገባው በረኛ በቀይ ወጣ፣ ተከላካዩ ሪዮ ፈርዲናንድ ጓንት አጠለቀ፣ ሱሌይ ሙንታሪ ሪጎሬዋን አስቆጠረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤሲ ሚላን ፍራተን ፓርክ መጥቶ 2 ለ 0 ሲመራ ነበር የከረመው፤ ይቅርታ፣ ተሳሳትኩ፣ የሚመሩት ፖርትስማውዞች ነበሩ። ካቡል እና ካኑ አግብተው 2 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው፣ መጨረሻ ላይ ሮናልዲኒሆና ኢንዛጊ አቻ አደረጓቸው። ሮናልዲኒሆ በዚያች የእንጨት መቀመጫ ባላት አሮጌ ሜዳ ላይ!

እኔ የመጣሁት ቤቱ ሲፈርስ ነው። ሌሊት ሌሊት ጽዳት እሠራ ነበር። ጠዋት ስመለስ ጎረቤቴ ጋዜጣ ይዘው በር ላይ ናቸው። ደሞዝ ዘገየ፣ ባለቤቱ ተቀየረ፣ ነጥብ ተቀነሰ። ዕዳው ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር። ከሁሉ ያስቆጣቸው የአከፋፈሉ ደንብ ነው። በእንግሊዝ ኳስ ክለብ ሲከስር የተጫዋቾችና የሌሎች ክለቦች ዕዳ ቅድሚያ አለው፣ ሙሉውን ይከፈላል። የቀረው ሰው፣ አናጺው፣ አታሚው፣ ዳቦ አቅራቢው፣ ከየፓውንዱ 20 ፔንስ እንዲሰጠው ነበር የተስማሙት። እኔም ይህን ደንብ እስከ ዛሬ አልወደውም።

አንድ ቅዳሜና እሁድ ልንገርህ። ኤፕሪል 10 ቀን 2010 ቅዳሜ መውረዳቸው ተረጋገጠ። በማግስቱ እሁድ ዌምብሌይ የኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ነበራቸው፣ ከቶተንሃም ጋር። የቶተንሃም አሰልጣኝ ማን እንደነበር ታስታውሳለህ? ሬድናፕ ራሱ። ከሌሊት ሥራ ስመለስ ጎረቤቴ መሰላል ላይ ወጥተው በመስኮቱ ሰማያዊ ባንዲራ ይሰቅላሉ። «ጋሼ፣ ትናንት እኮ ወረዳችሁ» አልኳቸው። «ትናንት ትናንት ነው፣ መሰላሉን ያዝልኝ» አሉኝ። ያዝኩላቸው። 2 ለ 0 አሸነፉ። ደጋፊ የሆንኩት ያን ቀን ነው። ፍጻሜውን በቼልሲ 1 ለ 0 ተሸነፉ።

አሁን ወደ ጥያቄህ፣ ደጋፊ ክለብ እንዴት ይገዛል? ማኅበር አቋቋሙ። አንድ አክሲዮን 1,000 ፓውንድ አሉ። ከ2 ሺህ በላይ ሰው ገዛ። ጎረቤቴ ለጣሪያ ማደሻ ያስቀመጡትን አወጡ። የእኔ ደሞዝ ለ1,000 አይበቃም ነበር፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር 10 ሆነን 100 100 ፓውንድ አዋጣን፣ ልክ እንደ እቁብ። ትልቁ ሙግት በሜዳው ላይ ነበር፣ ያዝልኝ ያልኩህ እሱን ነው። ሜዳው ክለቡ ለቀድሞ ባለቤቱ ላለበት ዕዳ መያዣ ነበር። ሜዳው ከሌለ ክለብ የለም። ጉዳዩ ለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ኤፕሪል 2013 ላይ ተስማሙ፣ ክለቡም ሜዳውም በደጋፊው እጅ ገባ። በእንግሊዝ በደጋፊ የተያዘ ትልቁ ክለብ ሆነ።

በዚያው ክረምት አራተኛው ሊግ ተጀመረ። የመጀመሪያውን የሜዳ ጨዋታ በኦክስፎርድ 4 ለ 1 ተሸነፍን። ከ18 ሺህ በላይ ሰው ነበር። አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው፤ ከዚያም በኋላ በአማካይ ከ15 ሺህ በላይ ይገባ ነበር። ሴፕቴምበር 2014 ላይ ከዕዳ ነፃ መሆናችን ተነገረ። ጎረቤቴ የአክሲዮን ወረቀታቸውን በመስታወት አስገብተው ኮሪደር ላይ ከሠርጋቸው ፎቶ አጠገብ ሰቀሉት። ጣሪያው እስከ ቀጣዩ ክረምት አፈሰሰ።

ሒሳብ ወዳድ

የደሴቲቱ ሰው፣ እናመሰግናለን። እኔ አንድ ቁጥር ልጨምር፣ ምክንያቱም የዚህን ክለብ ታሪክ ስሰማ ሁልጊዜ የምትታወሰኝ እሷ ናት።

በ1927 ፖርትስማውዝና ማንቸስተር ሲቲ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን ለማደግ ለሁለተኛው ቦታ ተፎካከሩ። በመጨረሻው ቀን ሲቲ 8 ለ 0 አሸነፈ። ፖርትስማውዝ ደግሞ ፕሬስተንን 5 ለ 1። በነጥብ እኩል ሆኑ። በዚያ ዘመን የገባብህ ካገባኸው አይቀነስም፣ ያገባኸው ለገባብህ ይካፈላል። ሲቲ 108 አግብቶ 61 ገብቶበታል፣ ሲካፈል 1.770። ፖርትስማውዝ 87 አግብቶ 49 ገብቶበታል፣ ሲካፈል 1.776። ፖርትስማውዝ አደገ! በዛሬው አሠራር ቢሆን ሲቲ በ47 ለ 38 ይበልጥ ነበር።

ቀይና ነጭ

እኔ ሳውዝሃምፕተን የምደግፍ ነኝ፣ ስለዚህ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ፍቅር የለንም። ሁለቱም የወደብ ከተማ ናቸው፣ በመካከላቸው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ያለው። የእኛ የንግድና የመንገደኛ መርከብ ነው፣ የነሱ የጦር መርከብ። ሬድናፕ በ2004 ከነሱ ወጥቶ እኛ ጋ መጣ፣ ከእኛ ጋር ወረደ፣ በ2005 ተመልሶ ወደነሱ ሄደ። ሁለቱም ከተማ ይህን አይረሳም።

ግን አንድ ነገር በቅንነት ልበል። እኛም በ2009 ከስረን፣ 10 ነጥብ ተቀንሶብን ሦስተኛው ሊግ ገብተናል። ያዳነን አንድ ሀብታም ሰው ነው፣ ማርከስ ሊብኸር። እነሱን ያዳኑት ደሞዝተኞች ናቸው። ለዚያ ክብር አለኝ።

ካኑ 25

ጋሼ የደሴቲቱ ሰው፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግን አሁን ባለቤቱ አሜሪካዊ ነው ይላል። ታዲያ ያን ያህል ለፍተው ያገኙትን መልሰው ሸጡት? ጎረቤትዎስ ምን አሉ? ደግሞ «የፖምፒ ደወል» የሚባል ዝማሬ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ምንድን ነው?

የደሴቲቱ ሰው

ሸጡት፣ አዎ። ሜይ 2017 ላይ በመጨረሻው ቀን ቸልተንሃምን 6 ለ 1 አሸንፈን የአራተኛው ሊግ ሻምፒዮን ሆንን። ዓመቱን ሙሉ አንደኛ ደረጃ ላይ የተቀመጥነው ለ32 ደቂቃ ብቻ ነው፤ እነዚያ 32 ደቂቃዎች ደግሞ የመጨረሻዎቹ ነበሩ። በዚያው ሰሞን የዎልት ዲዝኒ ኩባንያ ኃላፊ የነበረው ማይክል አይስነር ክለቡን እገዛለሁ ብሎ መጣ። ለአክሲዮኑ 5.67 ሚሊዮን ፓውንድ ሰጠ፣ ሌላ 10 ሚሊዮን ለክለቡ አወጣለሁ አለ። ድምፅ ተሰጠ፣ ከ80 በመቶ በላይ እሺ አለ።

እኔ እንዳይሸጥ ነው የተከራከርኩት። የእኛ 10 ሰዎች አንድ ድምፅ ስለነበረን ተጨቃጨቅን፣ እኔ ተረታሁ። አሁንም ትንሽ ድርሻ እንኳን በደጋፊው እጅ መቅረት ነበረበት ባይ ነኝ። ጎረቤቴ አንድ ሳምንት ሲያስቡ ሰነበቱ። አንድ ጠዋት ሜዳው ድረስ ሄደው፣ የደቡቡን ትሪቡን ብረት በእጃቸው እየዳሰሱ ዞሩ። በ1925 የተሠራ ነው። የብረት በያጅ ልጅ ስለሆኑ ዝገት ያውቃሉ። ሲመለሱ «ይህን በ1,000 ፓውንድ መዋጮ አንጠግነውም» አሉኝ። እሺ ብለው ድምፅ ሰጡ። ወረቀቱን ግን ከግድግዳው አላወረዱትም።

የፈሩት እውነት ነበር፣ ለሜዳው ብዙ ተሠራለት። እኔ የፈራሁት ደግሞ እስካሁን አልደረሰም። ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

ስለ ደወሉ። ፖምፒ የክለቡ ቅጽል ስም ነው። ክለቡ ከመመሥረቱ በፊት ሠራዊቱ የራሱ የኳስ ቡድን ነበረው፣ የመድፈኞቹ። የከተማው አዳራሽ ትልቅ ሰዓት ደወል ሲደውል ይሰማቸው ነበር። ጨዋታው የሚያልቀው 4 ሰዓት ላይ ስለሆነ (በእኛ 10 ሰዓት)፣ ደጋፊው ደወሉን እየተከተለ በዜማው መዘመር ለመደ። ያ ቡድን ፈረሰ፣ ዝማሬው ወደ አዲሱ ክለብ ተሻገረ። ጃንዋሪ 1941 ላይ የጀርመን አውሮፕላኖች አዳራሹን በቦምብ አቃጠሉት። የኤፍኤ ካፕ ዋንጫው በዚያን ጊዜ በክለቡ እጅ ነበር፣ በ1939 ዎልቭስን 4 ለ 1 አሸንፈው የወሰዱት። በጦርነቱ ምክንያት ውድድሩ ስለተቋረጠ 7 ዓመት ያዙት። አዳራሹ ሲነድ ደወሉ ዝም አለ፣ ሰዉ ግን ሜዳ ላይ መዘመሩን ቀጠለ። «ፕሌይ አፕ ፖምፒ፣ ፖምፒ ፕሌይ አፕ።» ቃሉ ይኸው ብቻ ነው። ተጫወቱ፣ በርቱ እንደማለት።

ኤፕሪል 16 ቀን 2024 ማክሰኞ ማታ ከባርንስሊ ጋር ነበርን። ካሸነፍን የሦስተኛው ሊግ ሻምፒዮን ሆነን እናድጋለን። ጎረቤቴ እግራቸው ስለደከመ ደረጃ መውጣት አይችሉም፣ ቤታቸው ሬዲዮ ይዘው ቀሩ። እኔ ገባሁ። 2 ለ 1 ተመርተን ነበር። አቻ ሆንን። 89ኛው ደቂቃ ላይ ኮነር ሾኔሲ በጭንቅላቱ አገባ፣ 3 ለ 2። ሜዳው በሰው ተሞላ። ስልኬን አውጥቼ ደወልኩላቸው። አንስተው ምንም አላሉኝም። እኔም ምንም አላልኩም፣ ስልኩን ወደ ላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው፣ ዝማሬው እስኪያልቅ።